ሮቢ ወረደ

አሁን ሆቴሉ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዝቷል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ጠርተው አሳዩኝ። ነጭ ሣጥን ነው፤ እርጥቡን አንሶላ ሲያጎርሱት ይጮሃል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ትኩስ አድርጎ ይተፋዋል። "እትዬ አስካለ፣ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ጎበዝ ነው" አልኳቸው። አንዱን አንሶላ አንስቼ ባሸተው ምንም አይሸትም። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የዚህ ሆቴል አንሶላ የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ ይሸት ነበር። ይህንን ስነግራቸው አሮጊቷ ጃጀች ብለው ሳቁብኝ። እኔም ተናድጄ ቤቴ ገባሁና መጻፍ ጀመርኩ። ነገሩ በአንሶላ ይጀምር እንጂ በአንሶላ አላበቃም።

ደብረ ሲና ገደል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላይ ጣርማ በርና ዋሻው አሉ፤ ከታች ቆላው ይፋት ተዘርግቶ ይታያል፣ ጉሙ ከፈቀደ። ከተማዋ የምትኖረው በአላፊ አግዳሚ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ እኔ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ስቀጠር፣ ሁለት ዓይነት እንግዳ ነበረን። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሻውን አልፎ የሚመጣ ነው፤ ገደሉን ሊያይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ሊያነሣ፣ ወይም ወደ ደሴ ሲያልፍ ሊያድር። ሌላው ከቆላው ሙቀት ሸሽቶ ብርድ ልብስ ለብሶ ለመተኛት የሚወጣ ነጋዴና ሹም ነው። መኪና ሲቆም ሴቶቹ ቆሏቸውንና በሷቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ መኪና ሲሄድ ተመልሰው እየተራረቡ ይቀመጣሉ። እንግዳ ያላደረ ዕለት ከተማው በሙሉ ይቆዝማል፤ የእኛ ሰው ጎረቤቱን ሰላም ከማለቱ በፊት "ስንት አደረ?" ብሎ ነው የሚጠይቅ። የሆቴሉ ባለቤት አዲስ አበባ የሚኖሩ እመቤት ነበሩ። ጉም ስለሚጠሉ ብዙም አላስቸገሩንም። ስለ ደሞዜ አልጽፍም፤ ብጽፈውም የሚያምነኝ የለም።

ሥራውን ያስተማሩኝ የሆቴሉ ኃላፊ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጭራሽ የማይሰማ ሰው ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ "ከየት መጡ?" ማለት ከልክለውን ነበር። "ከየትም ይምጣ፣ ምን አገባሽ? ከላይ ነው ከታች? ብቻ ብለሽ ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። ከላይ የመጣውን ጠመዝማዛው መንገድ አዙሮታል፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ ገደሉን ነገ ያየዋል። ከታች የመጣው ላብ በላብ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይለምናል፤ የምንሰጠው ግን ለብ ያለ ነው፤ ያለዚያ ማታውን ሲያስል ያድራል። አልጋ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ጋሼ ደምሴ ራሳቸው እየዞሩ ትራሱን ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል። "እርጥበትን እጅ አያውቀውም፤ ጉንጭ ነው የሚያውቀው" ይላሉ። ጉንጫቸው ካልወደደው አልጋው ይፈርሳል። ስንት ጊዜ አልቅሼ አንጥፌያለሁ።

ጉንጫቸውን የሚያስደስት አንሶላ ግን ደብረ ሲና ላይ አይገኝም። ጉም ሲከርም ልብስ ሳምንት ቢሰቀል አይደርቅም፤ ይሻግታል እንጂ። እሳት አጠገብ ሲያደርቁት ጢስ ጢስ ይላል። ጋሼ ደምሴ አንድ መላ ዘየዱ። የታጠበውን አንሶላ ጠዋት ወደ ታች በሚወርድ የጭነት መኪና ሸዋ ሮቢት ይልኩታል፤ እዚያ ፀሐይ ላይ ውሎ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ በሚወጣ መኪና ይመለሳል። ሰቃዮቹ የሱፍና ሚስቱ ዘይነባ ነበሩ። የሱፍ መንገድ ዳር ጨውና ስኳር የሚሸጥ፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ሳቂታ ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። ሱቁ ውስጥ ስልክ ነበረው፤ ከሱቁ ኋላ ደግሞ ሁለት የማንጎ ዛፎች። ዘይነባ በዛፎቹ መሃል ገመድ ወጥራ ታሰጣለች፤ አጥፋ ስትልክልን ጠርዝ ከጠርዝ ዝንፍ አይልም።

ስለዚህ በየጠዋቱ ጋሼ ደምሴ የስልኩን እጀታ ያዞራሉ፤ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ያኔ ብቻ ይጮሃል።

"የሱፍ! ፀሐይ አለ?"

"ፀሐይማ ምን ጠፍቶ ጋሼ! ወላሂ ልንቀልጥ ነው! ብርድ ካለ ስደዱልን!"

"በል አንሶላ መጣልህ።"

ከአንሶላው ቀጥሎ የወንዙ ጥያቄ ይመጣል። አውራ መንገዱ ድልድይ ስላለው ለደሴ ተጓዥ ሮቢ ምኑም አይደለም። ዳሩ ግን አንዳንድ እንግዳ በቆላው ውስጥ ያሉትን የድሮ መስጊዶች ፍርስራሽና የአርጎባ ሸማኔዎችን ማየት ይፈልጋል፤ ወደዚያ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ሮቢን የሚያቋርጠው በመልካው፣ በመሻገሪያው አሸዋ ላይ ነው። ሮቢ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሌላ ነው። ጋሼ ደምሴ ሳይጠይቁ እንግዳ ወደዚያ ሰደው አያውቁም። መልሱም ያው ነበር፤ ወይ "ደረቅ ነው"፣ ወይ "ሞልቷል"።

ነገሩ የደረሰው በሚያዝያ ነበር፤ በልግ ገብቶ እኛ ዘንድ ሰማዩ ተቀዶ ሰንብቷል። ፍርስራሾቹን በወረቀት ላይ የሚስል አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጦ ዝናቡን ይጠብቃል። "ሙሴ" ነበር የምንለው። አማርኛው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። የሚያደርሰው የሆቴሉ ሹፌር አበራ ነው። አበራ የከተማችን ልጅ፣ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡት የእትዬ ወለተ የበኩር ልጅ ነበር። ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ ያለውን ጠመዝማዛ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል ይባልለታል። በጉዞው ዋዜማ ስልክ ስንደውል መልሱ "ሞልቷል" ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደምሴ እጀታውን ሲያዞሩ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አንሶላ እቆጥር ነበር። መስመሩ ይንጫጫል።

"የሱፍ! ሮቢስ?"

"ሮቢ ወርዷል!"

"ወርዷል? እርግጠኛ ነህ?"

"ወላሂ ወርዷል ጋሼ! በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት!"

መስመሩ ተቋረጠ። ጋሼ ደምሴ ፈገግ ብለው ስልኩን ሰቀሉት። "ውሃው ወርዷል። በሉ ሂዱ፣ ሳይመሽባችሁ ተመለሱ" አሉ። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የሰማሁትም እሳቸው የሰሙትን ነው። አበራ ሲያልፍ ከእናቱ ቁና አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግኖ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባ። እትዬ ወለተ "ሌባ!" ብለው ከኋላው ሲጮኹበት ሁላችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ሙሴ ብቻውን በጭነት መኪና ተመለሰ። የቆላ ሰው ሽርጥ አልብሰውታል፤ ጫማ የለውም፤ ይንቀጠቀጣል። በእጁም በአፉም እያደረገ የነገረንን ገጣጥመን ተረዳነው። መልካው ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። ውሃው ደፍርሶ ጎማውን ያህል ይሄዳል። አበራ ትናንት የሞላው ሲጎድል ያገኘው መስሎታል። ማዶ ያሉት እረኞችና ሴቶች እጃቸውን እያወናጨፉ አንዲት ቃል ይጮኹ ነበር። ሙሴ ቃሏን ሳይገባው ያዛት፤ እንደ ሕፃን እየደጋገመ አላት፤ "ወረደ! ወረደ!" አበራም "እሺ፣ ወረደ፣ ሰምተናል!" ብሎ እየሳቀ ገባ። መሃል ሲደርሱ ከላይ ጎርፉ መጣ። እነዚያው ሰዎች ገመድ ጥለው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ገብተው ሙሴን አወጡት። አበራን ግን መሪው ይዞት ቀረ። አስከሬኑ በማግስቱ ወደ ታች፣ የግራር ሥር ላይ ተገኘ።

የእትዬ ወለተን ለቅሶ ልጽፈው አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ ከተማው ማውራት ጀመረ። "ቆለኛው ሆን ብሎ ነው" ተባለ። "ሞልቶ እያየ ወርዷል ብሎ ማለ። መንደሩም ሁሉ ተማክሮ ግባ ግባ ብሎ ጮኸበት።" የሱፍ ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። ማንጎ ጭነው የመጡ ነጋዴዎች አንድ ፍሬ ሳይሸጡ ተመለሱ። የአበራ ወንድሞች ጠመንጃ ወለወሉ፤ የሱፍ ተፈርዶበት ካልተቀጣ ደም እንደሚመልሱ በግልጽ ተናገሩ። አንሶላችን እዚያው ዘይነባ ጋ ቀረ፤ እኛም እንግዳን በእርጥብ አንሶላ ማስተኛት ጀመርን። ጋሼ ደምሴ ትራስ ጉንጫቸው ላይ ማድረግ ተዉ።

ጋሼ ደምሴ እህል ሲያስጠላቸው ጊዜ ደፈር ብዬ "ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? የነገረዎትን ነው የሰሙት" አልኳቸው።

"አስካለ፣ ሙሴ ያለውን ሰምተሻል? ማዶ ያሉትም ወረደ ነው ያሉት። አንድ ሰው ይዋሻል፤ እሺ። እረኛው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም በአንድ አፍ አንድ ውሸት እንዴት ይዋሻል? ደግሞ ሊገድሉት የጮኹ ሰዎች ሙሴን ለማውጣት ለምን ነፍሳቸውን ይሰጣሉ?"

ለምርመራው ቀን ሲቀጠር ጋሼ ደምሴ ቀደም ብለው ወረዱ፤ እኔንም አንሶላውን እንድሰበስብ ይዘውኝ ሄዱ። ዘይነባ ፊቷን አጥቁራ ተቀበለችን፤ አንሶላው ግን እንደ ወትሮው ጠርዝ ከጠርዝ ታጥፎ ተቀምጧል። "ባሌን ልታሰቅሉ ነው የመጣችሁት?" አለች። ጋሼ ደምሴ "አላውቅም። እስቲ መልካው ድረስ ውሰጂን" አሏት። ምን እንደሚፈልጉ እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰለኝም።

በየቀኑ መልካው ላይ፣ ጥላ ሥር እየሄድን ተቀመጥን። አሸዋው ደርቆ ያቃጥላል። ሴቶች አሸዋውን ጭረው ውሃ ይቀዳሉ፤ ከብት መሃሉን ያቋርጣል። የሆነ ቀን ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ እኛ ላይ ግን ጠብ ያለ የለም። አንዲት ውሃ ቀጂ ቀና ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ከዚያ እንስራዋን ጥላ እንዲህ ስትል ጮኸች፦

"ሮቢ ወረደ! ኧረ ሮቢ ወረደ! ከብቱን አውጡ!"

ከላይም ከታችም ተቀባበሉት፤ ወረደ! ወረደ! ሴቱ ልጁን አንስቶ ሮጠ፤ ከብቱ እየተደበደበ ወጣ። አሸዋው ያን ጊዜ ጠብታ ውሃ የለበትም። ጥቂት ቆይቶ ግንድ የሚያንከባልል ጎርፍ መጥቶ የነበርንበትን ሁሉ ሞላው። ጋሼ ደምሴ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆመው ቀሩ።

"ዘይነባ፣ ወረደ ማለት… መጣ ማለታችሁ ነው?"

"ምን ሊሆን ነው ታዲያ? ጎርፉ ከደጋ አይደል የሚወርደው? ከናንተው አገር ነው የሚወርድብን።"

"ሲቀንስስ ምን ትላላችሁ?"

"ጎደለ ነዋ!"

እኛ ከላይ ሆነን፣ ውሃ ከእግራችን ሥር ተነስቶ ስለሚሄድ፣ ጎርፍ ወረደብን ብለን አናውቅም። ለእኛ የሞላ ነገር ወረደ ከተባለ ቀነሰ ማለት ነው። አንድ ቋንቋ እየተናገርን፣ አንድ መንገድ እየተመላለስን፣ አንድ አንሶላ እየተቀባበልን ይህንን ሳናውቅ ኖረናል። ጋሼ ደምሴ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ልጁን አትስደደው እያለ ነበር። በአላህ እየማለ ነበር የሚለምነኝ" አሉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሰው ሞልቷል። በአንድ ወገን እትዬ ወለተና ልጆቻቸው፣ በሌላው ወገን ቆለኞቹ። የሱፍን አምጥተው አቆሙት፤ ያ ሳቂታ ሰው አጥንቱ ቀርቷል። መቶ አለቃው ጋሼ ደምሴን "የሱፍ በስልክ ‘ወርዷል’ ብሎዎታል ወይስ አላለም?" ብሎ ጠየቃቸው።

እዚህ ላይ "ብሎኛል" ብለው ዝም ቢሉ እውነት ነው። ማንም ሐሰተኛ አይላቸውም።

"ብሎኛል" አሉ። የአበራ ወንድሞች ተንቀሳቀሱ።

"የተናገረውም እውነት ነው። ጎርፍ መጥቷል፣ ሰው አትስደድ ነው ያለኝ። በዚህ አገር ወረደ ማለት እንደዚያ ነው፤ የፈለጋችሁትን የቆላ ሕፃን ጠይቁ። እኔ በደገኛ ጆሮ ሰማሁትና ጎደለ አልኩ። እሱ አልበደለም። ልጁን የሰደድኩት እኔ ነኝ።"

መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። "አቶ ደምሴ፣ ይህን ሲሉ ነገሩ ወደ ራስዎ እንደሚዞር ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ከኋላ አንዱ "ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል" አለ። ጋሼ ደምሴ ዞር ብለው "አይደለም ወንድሜ፤ እኔ የምጨብጠውን እየለቀቅሁ ነው" አሉት። ከዚያ እትዬ ወለተ ከተቀመጡበት ተነስተው የሱፍ ፊት ሄደው ቆሙ።

"አንተ፣ ልጄን እንዳይሄድ ነው ያልከው?"

"ወላሂ እትዬ፣ እንዳይሄድ ነው ያልኩት።"

"እንዳይሄድ?"

"እንዳይሄድ" አለ።

እትዬ ወለተ ወደ ልጆቻቸው ዞረው "ጠመንጃችሁን ወደ ቤት መልሱ" አሏቸው። ለጋሼ ደምሴ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ አልፈዋቸው ሄዱ።

የሱፍ ተፈታ። ጋሼ ደምሴ ጥቂት ቀን ታስረው በዋስ ወጡ፤ በኋላም ነገሩ ጥፋት የለበትም ተብሎ ተዘጋ። ሕጉ ተዋቸው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን አልተዉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምፈራው ጆሮ የገባውን ነው። ወደ ሆቴሉ በተመለሱ ዕለት ስልኩ ፊት አቁመው እንዲህ አሉኝ፤

"ከዛሬ ጀምሮ የምታዞሪው አንቺ ነሽ። ወንዙ እንዴት ነው ብለሽ እንዳትጠይቂ። ሞላ፣ ጎደለ፣ ወረደ፣ ይሄን ሁሉ ተይው። ማን ተሻገረ? በይው። የተሻገረ ሰው ካለ ስሙን ይንገርሽ። ከሌለ ማንም አይሄድም።"

አንሶላው እንደገና መውረድ ጀመረ። እኔም በየጠዋቱ "የሱፍ፣ ማን ተሻገረ?" እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እየፈራ ነበር የሚመልስልኝ፤ እየዋለ እያደረ ሳቁ ተመለሰ። "ሐጂ ዑመር ከነግመላቸው" ይላል፤ "የዘይነባ እናት፣ በቅሎ ላይ፣ እየተሳደቡ" ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ "ማንም" ይላል። ያን ቀን እንግዳው ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ ቢል፣ መኪና ከግቢ አይወጣም። ከአልጋ አንጣፊነት ወደ እንግዳ ተቀባይነት፣ ከዚያም ወደ ኃላፊነት አደግሁ፤ ሆቴሉ የመንግሥት ሆነ፣ ተመልሶ የግለሰብ ሆነ፤ ስንት አለቃ መጥቶ ሄደ። የሥራ ዘመንሽን በምን ታስቢዋለሽ ብትሉኝ በዚያች ጥያቄ ነው። በእኔ ጊዜ ወደ ሮቢ የሄደ እንግዳ ሁሉ ተመልሷል።

ጋሼ ደምሴ የሞቱት ንጉሡ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ብርዱ ደረታቸውን በልቶት ነበር። ያም በልግ ነበር፤ እንደዚያኛው ዓመት ሰማዩ ተቀዶ ሰንብቷል። የሞቱ ዕለት ጠዋት እጀታውን አዞርኩ። የሱፍ ለሰርግ ማዶ ተሻግሮ ነበርና ስልኩን ያነሣው ጎረቤቱ ነው። መርዶውን ነገርኩት። "ኢንና ሊላሂ" አለና "ለየሱፍ በምን እንነግረዋለን? ሮቢ ወርዷል" አለኝ። አሁን ቃሉ ይገባኛል። የሱፍ እንደማይመጣ አወቅሁ።

ቀብሩ ተፈጽሞ ከዳስ ገባን። እትዬ ወለተም መጥተው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ጋሼ ደምሴን በቃል አናግረዋቸው አያውቁም፤ በየበዓሉ ግን አንድ ቁና ቆሎ ሆቴሉ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ሰዉ ሊበተን ሲል ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ሽቅብ ሲመጣ አየሁ። የሱፍ ነበር። ልብሱ ላዩ ላይ ተጣብቋል፤ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፤ ግንባሩ ተልጧል። ጎረቤቶቹ ከወንዙ ወዲህ ሆነው በጩኸት መርዶውን እንደነገሩት፣ የሰርጉ ሰዎች ይዘው ሊያስቀሩት ቢሞክሩም እምቢ እንዳለ በኋላ ዘይነባ ነገረችኝ። እትዬ ወለተ ወንበራቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

እሱ ግን አልተቀመጠም። ፊቴ መጥቶ ቆመ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"አስካለ፣ ጠይቂኝ እንጂ" አለኝ።

"ማን ተሻገረ?" አልኩት።

"የሱፍ ተሻገረ" አለ።